አዲሱ ከርነል አልነሣም ሲል፦ ከወረታ ያመጣነው ትምህርት

ኮምፒዩተር በድንገት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ሁለት ፍርዶች ብቻ ይሰማሉ፤ አንደኛው «ተቃጠለ»፣ ሁለተኛውም «ፎርማት ይደረግ» የሚሉት ናቸው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በወረታ ከተማ ሳለን በገዛ እጃችን አንድ ላፕቶፕ አበላሽተን፣ ከጥቂት ቀን ጭንቀት በኋላ አንዲት ፊደል ሳይጠፋበት ልናስነሣው ስለ ቻልን፣ ነገሩን ከነምክንያቱ ለትምህርት ጓደኞቻችን ልንጽፍላቸው ወደድን። ጥፋቱ የእኛ ስለ ሆነ የማንንም ስም ማንሣት አላስፈለገንም።

ከሁሉ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ጽሑፋችንን በሙሉ በፊደላችን ስለ ጻፍነው የትእዛዞቹንና የመልእክቶቹን ስም እንደ ድምፃቸው አስፍረናል። በኮምፒዩተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ያውም በትንንሹ ፊደል፣ መጻፍ እንዳለባቸው አንባቢ አይስተውም።

የነገሩ መነሻ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው መንገድ ላይ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከከተማይቱ አንሥቶ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ቀድሞ በከብቱ ዝርያ ብቻ ይታወቅ የነበረው ይህ አገር፣ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግና አካባቢ ሩዝ ካስለመዱበት ጊዜ ወዲህ፣ ውኃው የሚተኛበትን መሬት በሩዝ ሸፍኖ የኢትዮጵያ ዋና የሩዝ አገር ለመሆን በቅቷል።

እኛም ወደዚያ የሄድነው ለተግባር ልምምድ ነበር። ከመካከላችን አንዲት የግብርና ተማሪ እኅታችን ለመመረቂያ ጽሑፏ በሁለት ክረምት የሰበሰበችውን የሩዝ ማሳ መዝገብ ሁሉ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ አኑራው ነበር። መዝገቡ የየገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ የተዘራውን ዘር፣ ውኃ የተኛበትን ቀን ብዛት፣ የአረሙን ሁኔታና የተገኘውን ምርት የያዘ ነው። የ2010 ዓ.ም. የወረቀት ደብተሮቿን በዚያው ዓመት ክረምት ከቤት የገባ ጎርፍ አርሷቸው ቀለሙ ስለ ፈሰሰ፣ የቀረው በላፕቶፑ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። «ለምን ግልባጭ አላስቀመጠችም?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልስ የለንም፤ እርሱ ራሱ ግን የራሱን ጽሑፍ ስንት ቦታ እንዳስቀመጠ ይቍጠር።

በላፕቶፑ ላይ የተጫነው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዐይነት ነው። መጀመሪያ የተጫነው 14.04 የሚባለው ሲሆን፣ እየታደሰ እየታደሰ 18.04 ደርሶ ነበር። በውስጡ የገበሬዎች ስም ስላለበት ዲስኩ ሲጫን በምስጢር ቃል ተቆልፏል። ባትሪው ደግሞ ፈጽሞ ከመድከሙ የተነሣ መብራት በጠፋ ቍጥር ላፕቶፑም አብሮ ይጠፋል። እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ማለት የመጀመሪያውን አጫጫን፣ ቍልፉንና ባትሪውን፣ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ሦስቱም ኋላ ይመጣሉ።

ዕድሳቱን የጀመርነው ለቅንጦት አልነበረም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ከኔትፍሊክስ ኩባንያ የሆነ ባለሙያ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ «ሳክ ፓኒክ» የተባለ ቀዳዳ ማግኘቱ ታውቆ ነበር። በዚያ ቀዳዳ ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ በኔትወርክ በኩል ኮምፒዩተሩን እንዲወድቅ ማድረግ ይችላል። እንግዲህ አንድ ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል ላፕቶፑን ከስልክ ጋር አገናኝተን ዕድሳቱን አስጀመርነው። ወደ ማለቂያው ላይ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ»፣ ማለት «ቦታ አልቋል» የሚል መሥመር ብቅ አለ። አየነው፤ አየነውና ናቅነው። ዲስኩ ግማሹ ባዶ መሆኑን ስለምናውቅ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መስሎን ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ማንነቱን አንናገርም እንጂ ይህን ጽሑፍ ከሚጽፉት አንዱ ነው፣ «የከርነል ዕድሳት የሚፈጸመው የመነሻውን ዝርዝር በማደስ ነው» ብሎ «አፕዴት-ግራብ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈ። ኮምፒዩተሩም «ደን»፣ ማለት «ተፈጸመ» ብሎ መለሰ። እኛም ደስ ብሎን ሳለን መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑም ጠፋ፤ ሁላችንም ተኛን።

ሲነጋ ብንከፍተው ጥቍር መስክ ላይ ነጭ ጽሑፍ ፈሰሰና በመጨረሻው እንዲህ የሚል መሥመር ላይ ደርቆ ቀረ፦ «ከርነል ፓኒክ፤ ኖት ሲንኪንግ፤ ቪኤፍኤስ፤ አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን-ብሎክ ዜሮ፣ ዜሮ»። አጥፍተን ብንከፍተው ያው ነው። አሥር ጊዜ ብንከፍተውም ያው ሆነ።

ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው ሰው ወዳጅ ነበሩ፤ ጥቂት ተመልክተው፣ «ልጆች፣ ይኼ ሞቷል። ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንላችሁ፤ እስከ ማታ ይደርሳል» አሉን።

«ጋሼ፣ ውስጡ ያለው መዝገብስ?» አለች እኅታችን።

«ፎርማት ከተደረገ ምን መዝገብ አለ የኔ ልጅ? እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።»

እርሷም ምንም ሳትናገር ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። በሰውየው አንፈርድም፤ የለመዱት ሌላ ነገር ነው። እኛ ግን አንድ መሥመር በትክክል አንብበን ብንሆን ኖሮ እዚያ ቤት ባልደረስን ነበር።

ቦዩን ተከትሎ መሄድ

በፎገራ በበጋ ሽንኵርት የሚያለማ ገበሬ ውኃው ማሳው ሳይደርስ ሲቀር ማሳውን አይቈፍርም፤ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይሄዳል። እርጥብ ከሆነው ቦታ ወደ ደረቁ የሚተላለፍበትን ስፍራ ሲያገኝ፣ የተደፈነው እዚያ መሆኑን ያውቃል። ኮምፒዩተርም ሲነሣ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ነውና፣ ጥያቄያችን «ምን ሆነ?» ሳይሆን «የት ድረስ መጣ?» መሆን አለበት።

መጀመሪያ የሚነቃው በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ባዮስ፣ በአዲሶቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ነው። እርሱ ማስታወሻውን፣ የመጻፊያ ሰሌዳውንና ዲስኩን ይፈትሽና ሥራውን ዲስኩ ላይ ላለው ለግራብ ያስረክባል። ግራብ የመነሻ ዝርዝር ያዥ ነው፤ የትኛው ከርነል እንዲነሣ ከዝርዝሩ ይመርጥና ሁለት ፋይሎችን ወደ ማስታወሻ ያስገባል። አንደኛው «ቪኤምሊኑዝ» የሚባለው ከርነሉ ራሱ፣ ሁለተኛውም «ኢኒትአርዲ» የሚባለው ነው።

ከርነል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከቅርፊት ውስጥ ያለ ፍሬ ማለት ነው። ትእዛዝ የምንጽፍበት ውጫዊው ክፍል ደግሞ «ሼል»፣ ማለት ቅርፊት ይባላል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ገለባው በአንድ በኩል፣ ነጩ ፍሬ በሌላ በኩል ሲወርድ ላየ ሰው ከዚህ በላይ መግለጽ አያሻም። ፍሬው ማስታወሻውን፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም ነው። የሊኑክስን ፍሬ ለዓለም ያስታወቀው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ቀኑም ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991) ነው። በእኛ አገር መንግሥት ከተለወጠ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው መሆኑ ነው። ሰውየው ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት እንደ ነበረ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስታወስ ሳይበጅ አይቀርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፋይል እንመለስ፤ ነገራችን ሁሉ በእርሱ ላይ ነውና። ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ ዲስኩን የሚያውቅ አሽከርካሪ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ዲስኩ የተቈለፈ ከሆነም የምስጢር ቃል ጠያቂና መክፈቻ ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚገኙት በዚያው በዲስኩ ውስጥ ነው። የቤቱ ቍልፍ ከቤቱ ውስጥ ተቈልፎበታል ማለት ነው። ስለዚህ ለመንገዱ የሚበቁት ጥቂት መሣሪያዎች ተቋጥረው በኢኒትአርዲ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኛ ይህን ፋይል «ስንቅ» ብለን ሰይመነዋል። ከርነሉ ስንቁን ይዞ ይነሣል፤ በስንቁ ዲስኩን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን ሥርዐት አግኝቶ ሲስተምዲ ለተባለው ፕሮግራም ያስረክባል፤ እርሱም አገልግሎቶቹን አንድ ባንድ አስነሥቶ የመግቢያውን ገጽ ያቀርብልናል። ስንቁ ከከርነሉ ጋር አንድ ቍጥር ሊኖረው ይገባል፤ የአንዱን ስንቅ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ይህን የተረዳ ሰው ገጹ ላይ የሚታየውን አይቶ ቦታውን ሊገምት ይችላል። ዲስክ አልተገኘም የሚል የባዮስ መልእክት ከመጣ ነገሩ ከግራብ በፊት ነው፤ የከርነል ዕድሳት እምብዛም አያመጣውም። «ግራብ ሬስኪው» የሚል ባዶ መጠየቂያ ከመጣ ግራብ የራሱን ፋይሎች አጥቷል። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል መጠየቂያ ከመጣ ግን ስንቁ በደኅና ደርሷል፤ ዋናውን ዲስክ ማግኘት ወይም ማንበብ ነው ያቃተው። «ኢመርጀንሲ ሞድ» ካለ ደግሞ ዋናው ሥርዐት ተከፍቶ፣ ሌላ አንድ የዲስክ ክፍል ሳይገኝ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ «ኤፍኤስታብ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ የተሳሳተ መሥመር ነው።

የእኛስ? ከርነሉ ነቅቷል፤ ባይነቃ ኖሮ «ፓኒክ» ብሎ ባልጻፈልን። ስለዚህ ሰሌዳው፣ ማስታወሻውና ማያ ገጹ ደኅና ናቸው፤ ግራብም ከርነሉን ከዲስኩ አንብቦ አምጥቷል። «አንኖውን-ብሎክ ዜሮ፣ ዜሮ» ማለት ግን ከርነሉ ዋናውን ዲስክ አላወቀም ማለት ነው። በአጭሩ፣ ያለ ስንቅ ተነሥቷል። «ሞቷል» የተባለው ላፕቶፕ የጐደለው አንድ ፋይል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከርነሉ በዚህ ደረጃ ሲወድቅ ዲስኩ ገና ስላልተከፈተ የውድቀቱ ታሪክ የትም አይጻፍም፤ ኋላ «ጆርናል-ሲቲኤል» ብሎ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። ስለዚህ ገጹን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። እኛ ያዳነን ያ ፎቶግራፍ ነው፤ ከጥገና ቤቱ ወጥተን ሻይ ቤት ተቀምጠን ደጋግመን ያነበብነው እርሱን ነበርና።

አሮጌው ዘር

የፎገራ ገበሬ አዲስ የሩዝ ዘር ሲሰጡት ይሞክረዋል እንጂ አሮጌውን ዘር አይበላውም። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዘር ብዙ አዳዲስ ዘሮች ከወጡ በኋላም ለረዥም ዓመታት ከገበሬው ጎተራ ያልወጣው ስለዚህ ነው። የሊኑክስ አዘጋጆችም እንዲሁ አስበዋል። ኡቡንቱ አዲስ ከርነል ሲያስገባ የቀድሞውን ወዲያው አይደመስሰውም፤ ፌዶራ የተባለውም ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር እስከ ሦስት ድረስ ያኖራል። አሮጌው ከርነል ከነስንቁ እዚያው አለ። የጐደለው የሚያስታውሰው ሰው ነው።

አሮጌውን ለመጥራት የግራብን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሥርዐት ብቻ ባለበት ኮምፒዩተር ይህ ዝርዝር ተሰውሮ ያልፋል። በአሮጌዎቹ ባለ ባዮስ ኮምፒዩተሮች፣ እንደ ከፈቱት ወዲያው «ሺፍት» የሚለውን ቍልፍ ይዞ መቈየት ነው። በባለ ዩኢኤፍአዮቹ ደግሞ የፋብሪካው ምልክት ሲያልፍ «ኢስኬፕ» የሚለውን አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ ደጋግሞ የነካ ሰው ባዶ የግራብ መጠየቂያ ላይ ይወድቃል። ያ ቢሆንም አይደንግጥ፤ «ኖርማል» ብሎ ጽፎ ማስገቢያውን ይጫንና ኢስኬፕን አንድ ጊዜ ይንካ። ዝርዝሩ ሲመጣ ሁለተኛው መሥመር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይላል፤ እርሱ ሲከፈት ከርነሎቹ ሁሉ በቍጥራቸው ተደርድረው ይታያሉ።

እኛም የቀድሞውን መርጠን ማስገቢያውን ተጫንን። ለጥቂት ሰከንድ ጥቍር ሆነ። ከዚያ በኋላ የዲስኩን የምስጢር ቃል የሚጠይቀው የተለመደው ሳጥን ብቅ አለ። ይህን የሚጠይቀው ስንቁ ስለ ሆነ፣ ሳጥኑ ብቅ ሲል ነገሩ እንዳለቀ ሁላችንም ገባን። እኅታችን ቃሉን ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው አስገባችው። የመግቢያው ገጽ መጣ፤ መዝገቡም ከነሙሉ ማሳው በቦታው ነበር።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደ ጥገናው ይሮጣል። አንሩጥ። መጀመሪያ መዝገቡን በሁለት ፍላሽ ገለበጥነው፤ አንዱን ፍላሽ ባለቤቷ፣ አንዱን እኛ ያዝን። ጥገናው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥገናው

በተርሚናል ላይ «ዩኔም -ኣር» ብለን የተነሣንበት ከርነል የትኛው መሆኑን አረጋገጥን፤ የምንቆምበትን ቅርንጫፍ እንዳንቈርጥ ይህ ግድ ነው። ቀጥለን «ዲኤፍ -ኤች /ቡት» ብንል፣ ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ቡት የተባለው ክፍል መቶ በመቶ ሞልቷል። ለካስ ኮምፒዩተሩ እውነቱን ነበር። ዲስኩ በምስጢር ቃል ሲቈለፍ ግራብ በቀላሉ እንዲያነበው ቡት ለብቻው ሳይቈለፍ ይከፈላል። በ14.04 ዘመን ለዚህ ክፍል የተሰጠው ስፋት 236 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዋናው ዲስክ ግማሹ ባዶ ቢሆን ይህን ክፍል አይረዳውም፤ የጎረቤት ጎተራ ባዶ መሆን ለእኛ ጎተራ ቦታ እንደማይሰጥ ማለት ነው።

ሒሳቡን ብንሠራው እንዲህ ነው። በላፕቶፑ ላይ የአንዱ ከርነል ስንቅ 58 ሜጋባይት፣ ከርነሉ ራሱ 8፣ አብረው የሚቀመጡት ሌሎች ፋይሎች ወደ 5 ያህል፣ በድምሩ 71 ገደማ ይመጣል። ሦስት አሮጌ ከርነሎች ስለ ነበሩ 213 ያህሉ ተይዟል፤ ግራብም ጥቂት ሜጋባይት ይወስዳል። አዲሱ ሲመጣ ትንሹ ፋይል፣ ከርነሉ፣ በቀረው ጠባብ ቦታ ገባ። ትልቁ ፋይል፣ ስንቁ፣ ግን ቦታ አጣ። ፓኬጆችን የሚያስገባው ፕሮግራም በዚህ ጊዜ ሥራውን አቋርጦ ስሕተቱን ነገረን፤ አዲሱንም ከርነል በመነሻው ዝርዝር ላይ አላሰፈረውም ነበር። ዝም ብንለው ኖሮ ኮምፒዩተሩ በማግስቱ በአሮጌው ይነሣ ነበር። በእኛ እጅ «አፕዴት-ግራብ» ሲባል ግን ግራብ በቡት ውስጥ አንድ አዲስ ከርነል አየ፤ ስንቅ የሌለው መሆኑ ሳያግደው በዝርዝሩ ራስ ላይ አስቀመጠው። «ደን» ያለንም ይህን ፈጽሞ ነበር። የመብራቱ መጥፋት ጥፋቱን አላመጣውም፤ ጥፋቱን እስከ ማግስቱ ሸፈነው እንጂ። እኛም ለሁለት ቀን ያህል መብራት ስንወቅስ ቈይተናል።

መፍትሔው ቦታ ማስለቀቅ ነው። እዚህ ላይ የሚፈተን ሰው አለ፤ ወደ ቡት ገብቶ አሮጌዎቹን ፋይሎች በእጁ መደምሰስ ያምረዋል። እኛም አምሮን ነበር። ነገር ግን የፓኬጆቹ መዝገብ ፋይሎቹ እንዳሉ ስለሚያምን፣ በእጅ መደምሰስ ኋላ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ተገቢው መንገድ «አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» ነው። የእኛ ግን ዕድሳቱ መካከል ላይ ስለ ተቋረጠ «መጀመሪያ የተሰበረውን አስተካክሉ» አለን፤ የተሰበረውን እንዳናስተካክል ደግሞ ቦታ የለም። ከዚህ አዙሪት ያወጣን ወደ ታችኛው ፕሮግራም፣ ወደ «ዲፒኬጂ» መውረድ ነበር። «ዲፒኬጂ -ኤል» ብለን የገቡትን ከርነሎች ዘረዘርን፤ ከሁሉ ያረጀውን መርጠን፣ ያልተነሣንበት መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተን፣ «ዲፒኬጂ --ፐርጅ» በሚለው ትእዛዝ የ«ሊኑክስ-ኢሜጅ» ፓኬጁን በእርሱ ላይ ከተደገፈው ከ«ሊኑክስ-ሞጁልስ-ኤክስትራ» ጋር አንድ ላይ አስወጣናቸው። አንዱን ለብቻው ያዘዘ ሰው ዲፒኬጂ ይከለክለዋል።

ቦታ ሲገኝ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤይ» አልን። ይህ ትእዛዝ የተቋረጠውን ሥራ ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል። በገጹ ላይ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ፤ ጀነሬቲንግ» የሚል መሥመር መጣ፤ ይህም ስንቁ ሲቋጠር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ስለ ሆነ ጥቂት ደቂቃ ወሰደ፤ ያን ያህል ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ መብራቱን ብቻ እናይ ነበር። ስንቁ ብቻ የጐደለበት፣ ፓኬጁ ግን ያልተሰበረበት ሰው «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬይ» ብሎ የከርነሉን ቍጥር ቢያስከትል ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ «አፕዴት-ግራብ» ይባላል፤ አሁን ቦታው ነውና።

ከማስነሣታችን በፊት ቡትን ከፍተን ለእያንዳንዱ ቪኤምሊኑዝ ቍጥሩ የሚገጥም ኢኒትአርዲ መኖሩን ተመለከትን። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነበር። ላፕቶፑም በአዲሱ ከርነል ተነሣ። የቀረውን ሁለተኛ አሮጌ ከርነል በአውቶሪሙቭ ካስወጣን በኋላ ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አዲሱና ያዳነን።

አሮጌውም ካልተነሣ

ለአንዳንዶች አሮጌ ከርነል ላይኖራቸው ይችላል፤ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ አስቀድመው አስወጥተውታል። ያን ጊዜ ከሌላ ኮምፒዩተር ላይ የኡቡንቱን መጫኛ በፍላሽ አዘጋጅቶ በእርሱ መነሣት ነው። «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን ይምረጡ፤ ልዩነቱ መዝገብዎን የሚያህል ነው። ዲስኩ የተቈለፈ ከሆነ «ክሪፕትሴትአፕ ኦፕን» በሚለው ይከፈታል፤ «ቪጂቻንጅ -ኤይ ዋይ» ሲባልም በውስጡ ያሉት ክፍሎች ይነቃሉ። ዋናው ክፍል «ኤምኤንቲ» ላይ ይያያዛል፤ ቡትም በውስጡ በቦታው ይያያዛል፤ ዩኢኤፍአይ ያለው የኢኤፍአይን ክፍል ይጨምራል። «ዴቭ»፣ «ፕሮክ» እና «ሲስ» የተባሉትን ሦስቱን በ«ማውንት --ባይንድ» ካስገቡ በኋላ «ሲኤች-ሩት» ሲባል፣ ከፍላሹ ተነሥቶ በተኛው ሥርዐት ውስጥ እንደ መግባት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥገናው ከላይ እንደ ጻፍነው ነው።

በዚህ መንገድ አንድ የተሰወረ ጕድጓድ አለ። የተቈለፈው ዲስክ ሲከፈት የሚሰጠው ስም በ«ክሪፕትታብ» ውስጥ ከተጻፈው ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ሰው የፈለገውን ስም ሰጥቶ ስንቁን ቢያስቋጥር፣ መክፈቻው ከስንቁ ሊቀር ይችላል፤ ሥራው ሁሉ «ተፈጸመ» ተብሎ ካለቀ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና አልነሣም ይላል።

ከዕድሳት በኋላ የሚመጣ ሌላም ችግር አለ፤ እርሱን በአጭሩ እንለፈው። ከርነሉ ተነሥቶ ገጹ ብቻ ጥቍር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ዋይፋይ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እንደ ኤንቪዲያ ወይም ብሮድኮም ያሉት አሽከርካሪዎች ለአዲሱ ከርነል እንደ ገና አለመገንባታቸው ነው። በግራብ ዝርዝር ላይ «ኢ» የሚለውን ፊደል ነክቶ ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መሥመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» የሚል ቃል በመጨመር ለአንድ ጊዜ በቀላል ገጽ መነሣት ይቻላል። የጨመሩት ቃል በሚቀጥለው አነሣስ አይኖርም፤ ስለዚህ መሞከሩ አያስፈራም።

በነሐሴ መጨረሻ ከወረታ ልንወጣ ስንል ለላፕቶፑ ሌላ የከርነል ዕድሳት መጣ። እኅታችን እኛን ሳትጠይቅ መጀመሪያ «ዲኤፍ -ኤች /ቡት» ብላ አየች፤ 80 ሜጋባይት ያህል ክፍት ነበር። መዝገቧን በሁለቱም ፍላሾች አሳደሰች። ከዚያ ላፕቶፑን በዚያው ነጠላ ጠቅልላ ጄኔሬተር ወዳለው አንድ ሆቴል ወሰደችውና ሻይ አዝዛ፣ ሶኬት አጠገብ ተቀምጣ፣ የሚያልፈውን መሥመር አንድ ባንድ እያነበበች እስኪያልቅ ጠበቀች።